ካፖርቱ ያይሻል

ለልጄ ለፀዳለ ማሩ፣ ፕራግ።

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያብጠው ጉሮሮሽ ተሻለሽ? እንቅልፍሽስ? እዚያ የምትበይው ነገር ከሆድሽ ይስማማል? እኔ ሰላምታ ማብዛት አልወድም፤ አንድ ጊዜ ደህና ነሽ ወይ ከተባለ ይበቃል ባይ ነኝ። አክስትሽ በላይነሽ ግን ከበስተኋላዬ ቆማ "ሰላምታው አነሰ፤ ልጅቱ የተቆጣሃት ይመስላታል" ስላለችኝ ጨመርኩ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የግራ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያስቸግረኛል፤ ዳገት ላይ ግን አሁንም የሚቀድመኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ የሚከፍት ካለ ይክፈት። እዚህ ከተጻፈው አብዛኛውን በቀበሌው አዳራሽ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናግሬዋለሁ። የቀረው የሞተች ሚስቴ ጉዳይ እንጂ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም። አንብቦ ሲጨርስ በደንብ ያሽገው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፊልምሽ መርሳ መጣ።

በየደብዳቤሽ ስለ በረዶው፣ ስለ ድንቹ፣ አብራሽ ስለምታድረው ስለ ኩባዋ ልጅ ጽፈሻል። ፊልም እንደምትማሪ እንጂ ምን እንደሠራሽ አንድ ቀን አልጻፍሽም። በሚያዝያ መጨረሻ ከደሴ የሲኒማ መኪና መጣችና በወዳጅ አገሮች የሚማሩ ልጆቻችን የሠሯቸውን ፊልሞች ታሳያለች ተባለ። ፊልሞቹ ከመጡባቸው ቆርቆሮዎች በአንዱ ላይ ስምሽና "የትውልድ ቦታ መርሳ" የሚል ተጽፎ ስለነበር ቀበሌው ፈነጠዘ። ፊልሙን አስቀድሞ ከፍቶ ያየው ሰው እንዳልነበረ የታወቀው በኋላ ነው። የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ደምሴ፣ ያ የግራናው ልጅ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ "አቶ ማሩ፣ ልጅዎ ለመርሳ ሕዝብ ኩራት ናት፤ ጀነሬተሩን እርስዎ ራስዎ ያንቀሳቅሱልን" አለኝ። እሺ አልኩ። ለሌላ ሰው ቢሰጥ ያቃጥለዋል።

እሑድ ከምሳ በኋላ የአዳራሹን መስኮት በማዳበሪያ ጆንያ ደፈኑ፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጠሩ። ከሲሪንቃ ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። መጀመሪያ ስለ ትራክተር ፋብሪካ፣ ቀጥሎ ስለ ክትባት ታየ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ሦስተኛው ያንቺ ነበር። ገና ሲጀምር "ድምፅ! ድምፅ!" የሚል ጩኸት ሆነ። ጓድ ደምሴ በጓሮ በኩል ወደ እኔ ሮጦ መጥቶ "አቶ ማሩ፣ ድምፁን ይልቀቁት እንጂ!" አለ። "የኔ ሞተር የሚሰጠው መብራት ነው። ድምፅ የፈለገ ልጄን ይጠይቃት" አልኩት። የሲኒማው ሰው ቆርቆሮውን በባትሪ አብርቶ አነበበና "ድምፅ የለውም፤ ሆን ብላ ነው" አለ። እኔም ሞተሩን አስተካክዬ ገባሁና ከበሩ አጠገብ ቆምኩ።

አንቺ የሠራሽውን ታውቂያለሽ፤ እኛ ያየነውን ግን አታውቂም። አንዲት ሴት መዝጊያ በጀርባዋ ተሸክማ በነጭ ሜዳ ላይ ትሄዳለች። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም። ከዚያ አንዲት ሕፃን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ የወታደር ካፖርት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ካፖርቱ ራስ የለውም፤ ግን ቆሟል፣ እጅጌው ሙሉ ነው። ሕፃኗ ገንፎ በማንኪያ እየዛቀች ከኮሌታው ውስጥ ትጨምርለታለች። ሲጠግብ ከግራ ኪሱ ከረሜላ ይወድቃል። ሕፃኗ ከረሜላውን ስትነክሰው ውሃ ይወጣዋል፤ ውሃው ክፍሉን ይሞላል፣ እሷ ግን ከተቀመጠችበት አትነሳም። ከዚያ ሴትዮዋ መዝጊያውን በረዶው ላይ ታቆመዋለች። ታንኳኳለች፤ ዞራ በወዲያኛው በኩል ትሄድና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ አትከፍትም። እንደገና ዞራ ታንኳኳለች። ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በመጨረሻ እጇን እንዳነሳች ሳታንኳኳ ቆመች፤ አቡጀዲው ነጭ ሆነ፣ አለቀ።

መብራት ሲበራ ጓድ ደምሴ "እንወያይበት" አለ። ጎረቤታችን ሲራጅ፣ ልብስ ሰፊው፣ ብድግ ብሎ "እኔ እንደገባኝ ልጅቱ አናጢ ፍለጋ ነው የምትዞረው። በፕራግ አናጢ የለም ማለት ነው፤ ከመርሳ አንድ እንላክላት" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ደምሴ ግን አልሳቀም። ደብተሩን ገለጠ። "ሳቅ አያስፈልግም። ይህ ተራ ነገር አይደለም። የወታደር ልብስ ነው፤ ራስ የለውም። ሕፃን እያበላችው ይኖራል። ለእሷ የሚሰጣት ውሃ ብቻ ነው። ጓዶች፣ ሕፃኗ ማን ናት? ራስ የሌለው ወታደርስ ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ፀዳለ፣ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚለው ግን የለም። ደምሴ ራሱ ሊለው ነው። ከአፉ ወጥቶ ደብተሩ ላይ ከሰፈረ ወልድያ ይሄዳል፤ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። ከዚያ "ትምህርቷ ይቋረጥ፣ ትመለስና ትጠየቅ" ይባላል። ስትመለሺ የት እንደምትገቢ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን።

በላይነሽ እጅጌዬን ጎተተችኝ። "አያ፣ ክፉ አፍ ሳይቀድም ፍታው! ሕልም እንደ ፈቺው ነው" አለችኝ።

"ይህ ሕልም ነው እንዴ?"

"ታዲያ ምንድን ነው? ነቅቶ መዝጊያ የሚያዝል ሰው የት አይተሃል?"

በሕልም እንደማላምን ታውቂያለሽ። እናትሽ ጠዋት ጠዋት ሕልሟን ልትነግረኝ ስትጀምር "የበላሽው ሽሮ ነው" ብዬ የማቋርጣት እኔ ነኝ። አሁንም አላምንም። ግን ይህ የአገራችን ሰው ሕልሙን ለማይወደው ሰው የማይነግረው፣ ሰሚውም አስቀድሞ "መልካም አየህ" የሚለው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። መጀመሪያ የተነገረው ፍቺ ይጸናል። ደምሴ ቢቀድመኝ ፊልምሽ የደምሴ ይሆናል።

ልፈታው ግን በምኔ? ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከዘይት ቆርቆሮና ከእህል ጆንያ ላይ ነው። የማውቀው ሞተር ነው። ሞተር ሲታመም ባለቤቱ ብዙ ያወራል፤ ጭሱ እንዲህ ነው፣ ቀበቶው እንዲያ ነው ይላል። እኔ አልሰማውም። ጆሮዬን አስጠግቼ ደጋግሞ የሚያንኳኳው የት ላይ እንደሆነ አዳምጣለሁ፤ በሽታው እዚያ ነው። ያንቺም ፊልም ሰባት ጊዜ ያንኳኳው አንድ ቦታ ላይ ነው። ድምፅ የለውም ብለው የጮኹት ሁሉ አልሰሙትም እንጂ እኔ ሰምቼዋለሁ። አስቀድሜ የሰማሁት ደግሞ ከረሜላው ሲወድቅ ነው።

ተነሳሁና "ካፖርቱ የኔ ነው" አልኩ።

ደምሴ "እንዴት ማለትዎ ነው?" አለ።

"እንዴት ማለት አያስፈልገውም። ደሴ ገበያ የገዛሁት የጣሊያን ወታደር ካፖርት ነው። አሁንም ቤቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የፈለገ ሄዶ ይየው። ልጄ አንድ ስህተት ሠርታለች፤ አራት ቁልፍ አድርጋበታለች፣ አምስት ነው" አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ በሕይወቴ ለማንም ያልተናገርኩትን ለመርሳ ሕዝብ ተናገርኩ። ለአንቺም ልድገመው፤ ምናልባት እኔ የማስታውሰውና አንቺ የምታስታውሽው አንድ ላይሆን ይችላል።

ነሐሴ 1957 ነው። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ዘነበች ደሴ ሆስፒታል ነበረች። እኔ ግራና ወፍጮ ተሰብሮ ልጠግን መሄድ ነበረብኝ። በዚያ ክረምት ሌባ በዝቶ ስለነበር መዝጊያውን ከውስጥ አስቀርቅሬሽ፣ "እናትሽ ደሴ ናት። በእናትሽ ድምፅ እንኳ ቢጠሩሽ እናትሽ አይደለችም። እኔ እስክመጣ አትክፈቺ። ካፖርቱ ያይሻል" አልኩሽ። ሁልጊዜም የምልሽ ነገር ነበር፤ ካፖርቱን ስለምትፈሪው እንደ ሞግዚት እገለገልበት ነበር። እናትሽ ግን ያን ቀን ሳይታሰብ በጭነት መኪና ከደሴ መጣች። አንኳኳች፤ ጠራችሽ። አልከፈትሽም። ዝናብ ነበር። ታዛው ሥር ተቀምጣ ብዙ ጠበቀች፤ በኋላ ሲራጅ አይቷት ጋቢውን ጣል አድርጎባት ወደ ቤቱ ወሰዳት። እኔ ወንዝ ሞልቶብኝ ማምሻውን ደረስኩ። አንቺ ከካፖርቱ ፊት እንደተቀመጥሽ ነበርሽ። "ጎበዝ፣ ትእዛዝ አከበርሽ" አልኩሽና ከግራ ኪሴ ከረሜላ አውጥቼ ሰጠሁሽ። በአሥራ አንደኛው ቀን እናትሽ ሞተች።

ይህን ተናግሬ "እንግዲህ ያቺ መዝጊያ የተሸከመችው ሴት ሁለት ናት፤ ስታንኳኳ ሚስቴ ናት፣ ስታዳምጥ ልጄ ናት። ራስ የሌለው እኔ ነኝ። ፍቺው ይህ ነው፤ መልካም ያድርገው" ብዬ ቆምኩ። ከኋላ አንዲት ሴት "አሜን!" አለች። ሌላውም ተከተለ፤ ያ ሁሉ ሰው በቀበሌ አዳራሽ፣ ከመፈክሩ ሥር፣ አሜን አለ። መጀመሪያ አሜን ያለችው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ወይዘሮ ሸዋዬ፣ የጓድ ደምሴ እናት። ልጁ ዞሮ ሲያያት "ምን ታፈጥብኛለህ? ሕልሙ ተፈታ፤ ተቀመጥ!" አለችው።

አልተቀመጠም፤ ለዚህስ አደንቀዋለሁ። "ስለዚህ ፊልሙ የሚያጋልጠው ፊውዳላዊ አባትን ነው ማለት ነው" ብሎ ሊጽፍ ጀመረ። ይህ አንቺን የሚያድን ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በሐሰት አልድንም፤ ልጄንም በሐሰት አላድንም። "ፊውዳል መሬት ነበረው። እኔ ያለኝ ካፖርት ነው" አልኩት። ሲራጅ ከወንበሩ ላይ "እሱም ብብቱ የተጣፈ ነው፤ የጣፍኩት እኔ ነኝ፣ ምስክር ነኝ!" አለ። ደምሴ ብዕሩን አቀበለኝና ያልከውን ጻፍ አለኝ። በንዴት አንቱታውን ረስቶ ነበር። እኔም ጻፍኩ፦ "ካፖርቱ የእኔ የማሩ ወርቁ ነው። ሕፃኗ ልጄ ናት። ሌላ ትርጉም የለውም።" ፈረምኩ። "ይህ አይበቃም" ሲለኝ "ሕልም ሁለቴ አይፈታም" ብዬ ሞተሬን ላጠፋ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ረቡዕ ለሂስና ግለ ሂስ ተጠርቻለሁ። በግንቦት የመርሳ ሙቀት ውስጥ ካፖርቱን ለብሼ፣ አምስቱንም ቁልፍ ቆልፌ ሄድኩ። "አቶ ማሩ፣ አይሞቅዎትም?" ሲሉኝ "ይሞቀኛል" አልኩ። በሦስተኛው ረቡዕ ደምሴ ለብቻዬ ጠራኝና ወረቀቱ ወልድያ ደርሶ "የቤተሰብ ጉዳይ" ተብሎ መቀመጡን ነገረኝ። ጀነሬተሩን ለሌላ ሰው ሰጡብኝ። አቃጠለው።

አሁን በአዳራሽ ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። እናትሽን ዝናብ አልገደላትም። ሐኪሞቹ ጉበቷ እንደማይድን ስላወቁ ቤቷ ትሙት ብለው ነው የሸኟት። ወረቀቱን አሳይታኛለች፤ አሁንም አለኝ፣ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ቀኑን እዪው፤ ከደጃችን ከመድረሷ በፊት የተጻፈ ነው። ይህ ለሰባት ዓመት ልጅ አይነገርም ብዬ ተውኩት። አሥራ አምስት ሲሞላሽ አሁን ምን ያደርግላታል አልኩ። ሃያ ሲሆንሽ አገር ለቀሽ ሄድሽ። እንዲህ እያልኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላ ነው። አንቺ ዝናቡን ይዘሽ እንደሄድሽ አላወቅሁም። በአቡጀዲ ላይ ካልሆነ አባትሽ እንደማይሰማ አንቺ ግን አውቀሽበታል።

ይቅርታ የሚለውን ቃል መጻፍ አልለመድኩም። ከዚህ በላይ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙን እንድታዪው ብዬ ወረቀቱን አልቀየርኩም።

ግን ሁሉንም ልቀበልሽ አልችልም። ለካፖርት ያበላሽው ገንፎ በዚህ ዓመት በሐራ በኩል ስንት ቤት ያጣው ገንፎ ነው፤ ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊ። መዝጊያም እንደዚያ አይሸከሙትም፤ ማጠፊያው ወደ ላይ ሆኖ ነው፣ አለበለዚያ ወገብ ይሰብራል። ርዕሱም ስህተት ነው። ቆርቆሮው ላይ "በሩ" ብለሽዋል። እዚያ ከርመሽ አማርኛ ጠፋሽ? በር ማለት የሚገባበት ባዶ ቦታ ነው፤ ማንም አይሸከመውም፣ ከቤቱም አይርቅም። አንቺ የተሸከምሽው መዝጊያውን ነው። በሩማ እዚሁ መርሳ፣ የነበረበት ነው። እንዲያውም ባለፈው ሰኞ ያንን አሮጌ መዝጊያ ነቅዬ ለሲራጅ የመተኮሻ ጠረጴዛ እንዲሆነው ሰጠሁት። አዲሱን ሳንቃ እስክጨርስ በሩ ላይ መጋረጃ ነው ያለው። አክስትሽ ጅብ ይገባል እያለች ትጮሃለች፤ ይግባ።

አክስትሽ በላይነሽ "ፊልሙ ባይገባኝም የልጅቱ ሹሩባ ያንቺን ይመስላል" ብላሻለች፤ ትስምሻለች። ሲራጅ ሰላምታ ያቀርባል፤ በመጽሐፉም ዱዓ እያደረገልሽ ነው። አናጢ ካስፈለገሽ እንድትጽፊለት ነግሮኛል። ወይዘሮ ሸዋዬ ሰላም ብላሻለች፤ ልጇም አጠገቧ ስለነበር ሳይወድ ሰላም ብሏል። ለኩባዋ ልጅ የእኔን ሰላምታ አድርሺልኝ፤ እህል በደንብ ብይ ብላ ታስገድድሽ።

ከእናትሽ ደግሞ አንድ መልእክት አለሽ። በሲራጅ ቤት ተኝታ፣ አንቺ እንዳልከፈትሽላት ስነግራት በዚያ ሁሉ ሕመሟ ሳቀች። "ዘበኛ ነው የወለድኩልህ" አለችኝና ለአንቺ የሚደርስ ቃል ሰጠችኝ። የሴት ቀልድ ነው ብዬ ሳላደርሰው ቀረሁ። ይኸው እንደ ተናገረችው፦

"ጎበዝ ልጄ፣ አሁን እናትሽ መጥታለች፤ ከጥበቃ ውረጂ በላት።"

አባትሽ ማሩ ወርቁ
መርሳ፣ ሐብሩ
ግንቦት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.